ዓመትን በስሙ መጥራት

የካቲት ሊጋመስ ሲል በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚገኙ የወገኖቻችን መደብሮችና ምግብ ቤቶች በር ላይ የዐድዋ በዓል ማስታወቂያ መለጠፍ ይጀምራል። አንዱ ማስታወቂያ በዓሉ ማርች 1 ቀን ነው ይላል፤ ከጎኑ ያለው ማርች 2 ይላል። የፊተኛው የታሪክ መጻሕፍትን ይጠቅሳል፤ ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 መደረጉን የጣሊያን ጦር መዛግብት ሳይቀሩ ይመሰክራሉና። የኋለኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ይጠቅሳል፤ የካቲት 23 ከማርች 2 ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ታትሞ ይታያልና። በዚህ ምክንያት ቡና እየተጠጣ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ታሪክ አያውቅም በማለት ይዘጋል።

ነገር ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1896 እ.ኤ.አ. የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ቀን ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የፈረንጆቹ 1900 ዓመት መጣ። የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ባወጡት ደንብ መሠረት መቶ የሚዘጋ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩወሪ 29 ቀን አይኖራትም። ስለዚህ እነርሱ በ1900 አንድ ቀን ዘለሉ፤ እኛ አልዘለልንም። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ምንጊዜም ከማርች 2 ጋር ይገጥማል። ዕለቲቱ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተንቀሳቀሰው የተተረጎመችበት ቁጥር ነው።

ይህን ነገር ያነሣሁት ስለ አንድ ቀን ለመከራከር ብዬ አይደለም። በስደት የምንኖር ሰዎች ሕይወታችንን ሁሉ በተተረጎመ ቁጥር እንመራለን። የልደታችን፣ የጋብቻችን፣ የወላጆቻችን የዕረፍት ቀን አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም በችኮላ፣ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመልሶ ከዚያ ወዲያ የቀረው ቅጂው ብቻ ነው። አባቶቻችን ዓመትን በቁጥር ብቻ አይጠሩትም ነበር፤ ስም ነበረው። ስሙም ለጌጥ የተሰጠ አልነበረም፤ ቁጥሩ ሲሳሳት የሚይዘው ምስክር ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልሁት የእኛን፣ እ.ኤ.አ. ያልሁት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹን ወሮችም በራሳቸው ስም እጠራለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።)

አንድ ጥንቁቅ የድሮ ጸሐፊ የብራና መጽሐፍ ጽፎ ሲጨርስ ወይም አንድ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ ንጉሡ ዘመቻ ሲተርክ ቀኑን እንዴት እንደሚያሰፍር እንመልከት። ዓመተ ዓለምን ይጽፋል፤ ዓመተ ምሕረትን ወይም ዓመተ ሰማዕታትን ይጨምራል፤ ወንጌላዊውን፣ ማለትም ዘመኑ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን ይናገራል፤ ወሩንና ቀኑን፣ ዕለቱንም ይጠቅሳል። ሲበረታ ደግሞ የዓመቱን አበቅቴና የጨረቃዋን ሌሊት ያክልበታል። ለዛሬ አንባቢ ይህ ሁሉ የቃል ብዛት ይመስላል። እኔ ግን በአንድ ሰነድ ላይ ብዙ ማኅተም እንደ ማሳረፍ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ዓመተ ዓለም ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን ነው። እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ሲደመር ይገኛል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የእኛና የፈረንጆች ልዩነት ምንጭ ተቀምጦአል። እኛ የያዝነው በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የተባለው የእስክንድርያ መነኩሴ ያቀናውን ሥሌት ሲሆን፣ ምዕራባውያን ዲዮናስዮስ የተባለው መነኩሴ በ525 እ.ኤ.አ. በሮማ ያወጣውን ተከተሉ። ሁለቱ የጌታን ልደት ያስቀመጡበት ዓመት ስለተለያየ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዩወሪ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ተራራቅን። ስለዚህ «ከዓለም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረን» የሚለው ቀልድ፣ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት፣ መሠረት የለውም። ወደ ኋላ የቀረ ሰው የለም፤ ሁለት መነኮሳት ሁለት መልስ አገኙ እንጂ። ቤተ ክርስቲያናችን በበኩሏ የባሕረ ሐሳብን ድርሰት የምትሰጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስሟን ያገኘችው ከግብጿ ከተማ ሳይሆን የመሬቱ ባለቤት ከነበረው ከአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። ሆኖም በዚያች ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የፋሲካን ቀን ሲጠብቅ የሚጠብቀው በጥንቲቱ እስክንድርያ ሒሳብ መሆኑ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንመለስ። የዐድዋን ዓመት በባሕረ ሐሳብ እንፈትነው። 1888ን በ5500 ላይ ስንደምር 7388 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለአራት ስናካፍል 1847 ይደርስና ምንም አይተርፍም። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢያልቅ ዮሐንስ ነውና 1888 ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ለአራት ተካፍሎ የተገኘው 1847 መጠነ ራብዒት ይባላል። እርሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ስንደምር 9235 ይመጣል፤ ለሰባት ስንገድፈው ሁለት ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ሄዶ ያለ ትርፍ ሲያልቅ ሰኞ ነው። እንግዲህ የ1888 መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነበረ። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 23 ያለው 172 ቀን፣ ማለት 24 ሳምንት ከ4 ቀን ነው። ከረቡዕ አራት ቀን ቆጥረን እሑድ ላይ እናርፋለን።

የዐድዋ ጦርነት በእርግጥም እሑድ ንጋት ላይ የተጀመረ ነው። ዕለቱ የወሩ 23 ስለሆነ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነበረ፤ በአገራችን ሕዝብ ትዝታ የድሉና የጊዮርጊስ ስም ተለያይቶ የማይነገረውም ስለዚህ ነው። የዚያ ዓመት አበቅቴ 15፣ መጥቅዕም 15 ነበረ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 መሆን ይገባቸዋል፤ ካልሆኑ አስቢው ተሳስቷል ማለት ነው። ሒሳቡ ራሱን በራሱ የሚቈጣጠርበት መንገድ በውስጡ አለ። ከአንድ ብራና ላይ «1887፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 23፣ እሑድ» የሚል ብናገኝ ወንጌላዊውና ዕለቱ ተባብረው ቁጥሩን ያጋልጡታል። «ፌብሩወሪ 1895» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ግን የሚያጋልጠው የለም።

ይህ የምናብ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል በብዙዎቻችን ቤት ያለ አንድ ቀን ልጥቀስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ባዘጋጁት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. መሆኑን ገልጸዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ቀን ጁላይ 23 ቀን 1892 አድርገው ይመልሱታል። በጃማይካና በሌላውም ዓለም ያሉ ራስ ተፈሪያውያን በዓሉን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። ነገር ግን ከ1900 በፊት ልዩነቱ አንድ ቀን ያንስ እንደነበረ ከዐድዋ አይተናል። ሐምሌ 16 ከጁላይ 23 ጋር የገጠመው ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ በ1892 የገጠመው ከጁላይ 22 ጋር ነበረ። እንፈትነው፦ 1884 ሲደመር 5500፣ 7384 ዓመተ ዓለም፤ መጠነ ራብዒቱ 1846፤ ድምሩ 9230፤ ለሰባት ሲገደፍ አራት ይተርፋል፤ መስከረም 1 ዓርብ ነበረ ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሐምሌ 16 ያለው 315 ቀን ልክ 45 ሳምንት ስለሆነ ሐምሌ 16 ቀንም ዓርብ ነው። በፈረንጆቹ ካላንደር ጁላይ 22 ቀን 1892 ዓርብ ሲሆን ጁላይ 23 ቅዳሜ ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ሐምሌ 16 ሲከበር የፈረንጅ አቻው ጁላይ 23 ስለነበረ፣ ያው ቁጥር ወደ ኋላ ተስቦ በልደታቸው ዓመት ላይ ተለጠፈ። በዓለም ካሉ ነገሥታት ሁሉ ስሙ በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ንጉሥ ልደቱ በአንድ ቀን ከተዛባ፣ የእኔና የአንተ፣ የእናቶቻችንም ቀን ምን ያህል ተዛብቶ ይሆን?

ከዚህ የሚከፋው ስምንትን በጅምላ መደመር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ስምንት የሚደምር ሰው 1914 ብሎ ይጽፋል፤ ዕለቱ ግን ዲሴምበር 12 ቀን 1913 ነበረ። እንዲህ ያለውን ስሕተት በስደት በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ። የአንባቢ ትዕግሥት ብዙ ስለሆነ ብቻ ያልፋል።

«ዓመተ ምሕረት» የሚለው ስም ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ ከጌታ ልደት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዘመን ማለታችን ነው። በጥንታውያን ጽሑፎች ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። የፀሐይ ዐውድ 28 ዓመት፣ የጨረቃ ዐውድ 19 ዓመት ነውና ሁለቱ ሲባዙ 532 ይሆናሉ። 532 ዓመት ሲሞላ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ አበቅቴውም፣ ፋሲካውም እንደገና ከመነሻቸው ይጀምራሉ። የድሮ ጸሐፊዎች በዓመተ ሰማዕታት፣ ማለት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ተነሥተው 532 በሞላ ቁጥር ከአንድ እንደገና ይቆጥሩ ነበረ። ይህንንም ዓመተ ምሕረት ይሉት ነበረ። ግራኝ አሕመድና ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ የተዋጉበት 1521 ዓ.ም. በዚህ አቆጣጠር 181 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ብራናው ላይ 181 የሚል ቢያይ ወይ ጸሐፊው አብዷል ይላል፣ ወይ መጽሐፉ ከአክሱም ዘመን በፊት የተጻፈ ነው ብሎ ይደነቃል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው አውቃለሁ።

ይህን ዕውቀት በስደት ያኖረልን ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። «ባሕረ ሐሳብ፤ የዘመን ቆጠራ ቅርሳችን ከታሪክ ማስታወሻ ጋራ» የተባለው መጽሐፉ በ1993 ዓ.ም. የወጣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሚኒሶታ፣ ከኮሌጅቪል ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ያጠናውን ሥራ በቪየና አሳትሞ ነበር። ሆኖም ለአማርኛ አንባቢ ሒሳቡን ከታሪኩ ጋር አዋዶ ያቀረበለት ጌታቸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙዎች ስለ ሰውየው ብዙ ነገር አነሡ፤ ይህ መጽሐፍ ግን በየሳሎናችን መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ሳይገለጥ ቀረ።

ሊቃውንቱ በወንጌላዊና በአበቅቴ ሲጠሩት ተራው ሕዝብ ደግሞ ዓመትን በደረሰበት ነገር ይጠራዋል። ክፉ ቀን ሲባል ከ1880 ጀምሮ ከብቱን የፈጀውና ሕዝቡን ያስራበው ዘመን ነው። የኅዳር በሽታ ሲባል 1911 ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው በጢስ የሚታጠነው ለዚያ መታሰቢያ ነው። «ጣሊያን ሲገባ የጡት ልጅ ነበርሁ» ያለች እናት የልደቷን ዓመት ነግራሃለች፤ ጠያቂው ነው ያልሰማው። የእኛም ትውልድ ከዚህ አልወጣም። ስድሳ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ዘጠና ሰባት ስንል ዓመት መቁጠራችን ብቻ አይደለም፤ አብዮቱን፣ ረኃቡን፣ ምርጫውን በስማቸው መጥራታችን ነው። በ2000 ዓ.ም. በስደት የተመሠረተው ግንቦት 7 የተባለው ንቅናቄ ስሙን የወሰደው ከ1997ቱ ምርጫ ዕለት ነው፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲያስተዋውቅም ሜይ 15 ብሎ አልተረጎመውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ አባቱ «በሰባ ሰባት» ሲል ቢሰማ ግን የሚመጣለት የአሜሪካው 1977 ነው፤ አባቱ የሚያወራው ስለ 1984 እና 1985 መሆኑን የሚነግረው ከሌለ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ስለተለያየ ዓመት ሲያወሩ ያመሻሉ።

በዚህ ረገድ ከጃፓን ጋር መመዛዘን ይጠቅማል። ለማነጻጸር ስንል ከሩቅ ያመጣናት አይደለችም፤ የአባቶቻችን ትውልድ ራሱ የመረጣት አገር ናት። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁ ዋና አርአያቸው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 መጀመሪያ ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ጃፓኖች ዓመትን የሚጠሩት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ነው፤ ይህን ስም ኔንጎ ይሉታል። ሜጂ ከ1868፣ ታይሾ ከ1912፣ ሾዋ ከ1926፣ ሄይሴይ ከ1989፣ ሬይዋ ከ2019 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። የዘመኑ መጀመሪያ ዓመት አንድ ተብሎ ብቻ አይቆጠርም፤ ጋንኔን፣ ማለት የመነሻ ዓመት፣ የሚል የራሱ ቃል አለው። እኛ አራት ወንጌላውያን እንዳሉን እነርሱ ደግሞ አሥራ ሁለት እንስሳት አሏቸው። እንስሳቱ ከአምስቱ ባሕርያት ጋር ሲጣመሩ 60 ዓመት የሚዞር ዐውድ ይሆናሉ፤ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ካንሬኪ ብለው፣ ዘመኑ ወደ መነሻው ተመለሰለት ብለው ያከብሩለታል። የእኛ 532 ትንሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ከመጀመሪያው ንጉሥ ከጂሙ ጀምሮ የሚቆጠር ዘመን ነበራቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ስሙ የገነነው ዜሮ የተባለው አውሮፕላን ስሙን ያገኘው በዚያ አቆጣጠር 2600 ከሆነው ከ1940 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አኃዝ ነው።

ጃፓን በሜጂ 5ኛ ዓመት በአሥራ ሁለተኛው ወር ከ2ኛው ቀን ቀጥሎ ያለውን ዕለት ጃንዩወሪ 1 ቀን 1873 ብላ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ጎርጎርዮስ ካላንደር ገባች። የጨረቃ ወሮቿን በአንድ ሌሊት ተወች፤ የዘመን ስሟን ግን አልተወችም። ዛሬም በመንግሥት ቅጾች ላይ የልደት ዓመት በሾዋ ወይም በሄይሴይ ይጻፋል። የእኛ አገር ዘመናዊነት ፈላጊዎች ከጃፓን ብዙ ነገር ለመቅዳት ሲመኙ የካላንደሩን ለውጥ አልቀዱም፤ በዚህ ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ። ጃፓናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከ1873 በፊት ያለ ቀን ባገኘ ቁጥር ወሩን ከጨረቃ ወደ ፀሐይ መመለስ አለበት፤ እኛ ግን ከሽምብራ ኩሬ እስከ ዛሬ በአንድ ክር እንቆጥራለን። ክሩ የሚበጠሰው አገር ቤት ሳይሆን አውሮፕላን ስንሳፈር ነው።

የሚበጠሰውም ቅጽ ላይ ነው። በስደተኛነት በሱዳን በኩል ከመጡት ወገኖቻችን መካከል ጃንዩወሪ 1 ቀን የተወለዱ ይበዛሉ። ቀኑን በእርግጠኝነት ያልተናገረ ስደተኛ ጃንዩወሪ 1 ተብሎ ይመዘገብ ስለነበረ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀናቸውን ያውቁ ነበረ፤ «የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ በሰኔ፣ በዘመነ ሉቃስ» ብለው ለጠየቃቸው ሰው ሰኔ 27ን፣ ዓመቱም ከአራት አንዱ መሆኑን ነግረውታል። በጳጉሜን የተወለደው ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር ይገጥመዋል፤ ቅጹ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8 መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ ወይ መስከረም ብሎ ሴፕቴምበር 3 ያጽፋል፣ ወይ ነሐሴ ብሎ ኦገስት ያስገባል። ወሩ ከቀኑ የሚቀድምበት የአሜሪካኖች አጻጻፍ ሲታከልበት ሚያዝያ 5 ቀን የተወለደ ሰው ሜይ 4 ቀን ሻማ ሲያጠፋ ይኖራል።

በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ቅጾችን በአማርኛም ማዘጋጀት ጀመሩ። ደስ ያሰኛል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቃሉ ሲተረጎም ቀኑ አልተተረጎመም፤ «የትውልድ ቀን» የሚለው አማርኛ የሚጠይቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው። ይባስ ብሎ አንዳንድ ተርጓሚ ጃንዩወሪን ጥር፣ ሴፕቴምበርን መስከረም እያለ ይጽፋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ የሚፈጽመው ጥር 20 ነው የሚል ዜና ያነበበ ሰው ትክክለኛ ጥር 20 ጃንዩወሪ 28 መሆኑን ካላወቀ በስምንት ቀን ይዘገያል። ጥር የጃንዩወሪ ትርጉም አይደለም፤ በራሱ ቀን የሚገባና የሚወጣ ሌላ ወር ነው። የፈረንጆቹን ወሮች በስማቸው መጥራት የመረጥሁት ስለዚህ ነው፤ ለጆሮ ቢሻክርም ለጠበቃና ለታሪክ ጸሐፊ ይሻላል።

ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ በጥንቃቄ የያዘው፣ ለብዙዎቻችን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቀው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። አዲስ አበባ በ1993 የታተመ መጽሐፍ ሲገባ ካታሎግ ሠሪው ዓመቱን አይለውጠውም፤ 1993 ብሎ ይጽፍና ከጎኑ በቅንፍ «2000 ወይም 2001» ብሎ ያክልበታል። የእኛ አንድ ዓመት በእነርሱ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚዘረጋ፣ ወሩ ካልታወቀ ከዚህ የበለጠ ማለት ሐሰት ይሆናል። ቅንፏ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቃል ሳይነካ ትርጉሙ ከነጥርጣሬው ተቀምጦአል። በስደት የምናሳትማቸው መጻሕፍት ግን የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ አንዳንዴ 1998፣ አንዳንዴ 2006 ብቻ ይላሉ፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ፊደል የለባቸውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ የአንዱን ጸሐፊ መልስ ከተመለሰለት መጽሐፍ በፊት የታተመ አድርጎ ቢያስቀምጠው ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። አባቶቻችን የልጅ ልደት በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ ሲያሰፍሩ ወንጌላዊውን ይጨምሩ ነበር። አራት ፊደል ነው፤ የአሳታሚውን ወጪ አያበዛም።

የወንጌላዊው ጥቅም እዚሁም በየዓመቱ ይታያል። ጥምቀት ለምን አንዳንድ ዓመት ጃንዩወሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት 20 ይውላል ተብሎ ይጠየቃል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን በማግሥቱ የሚገባው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም በፈረንጆች አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሴፕቴምበር 12 ይጀምራል፤ ጥር 11ም አብሮ ይዘገያል። ገና ግን አይዘገይም። በዘመነ ዮሐንስ ገና በ29 ሳይሆን በታኅሣሥ 28 ይከበራል። ከመጋቢት 29፣ ከትስብእት፣ እስከ ልደት ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ጳጉሜን በጨመረችው ቀን እንዳይረዝም ሊቃውንቱ አንድ ቀን ሳቡት። ስለዚህ ገና ሁልጊዜ ጃንዩወሪ 7 ነው። አለቆቻቸውን ፈቃድ የሚጠይቁ ወገኖቻችን ለገና አንድ ቀን ብቻ ማስታወስ የሚበቃቸው በዚህ ጥንታዊ ጥንቃቄ ነው።

ይህም ቢሆን ለዘለዓለም አይቆይም። የፈረንጆቹ 2100 ለ400 ስለማይካፈል በዚያ ዓመት ፌብሩወሪ 29 አትኖርም፤ የካቲት 23 ቀንም ከማርች 2 ወደ ማርች 3 ይሻገራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ገና ጃንዩወሪ 8 ይሆናል። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚወለዱ ሕፃናት ዕድሜ ከሰጣቸው ያዩታል። በእጃቸው ያለው ቅጂው ብቻ ከሆነ የዐድዋ ማስታወቂያ በር ላይ ሦስት ዓይነት ቀን ይዞ ይለጠፋል፤ አንዱ ማርች 1፣ አንዱ ማርች 2፣ አንዱ ማርች 3። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ዓመተ ዓለሙ 7593፣ መጠነ ራብዒቱ 1898፣ ድምሩ 9491፤ ለሰባት ሲገደፍ ስድስት ይተርፋል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው።